ጥቂት አንቴናዎች የብዙዎችን ሥራ እንዴት ይሠራሉ?

ራዳር የሬዲዮ ሞገድ በመላክና ከነገሮች ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን በመቀበል ርቀትን፣ ፍጥነትንና አቅጣጫን የሚለካ መሣሪያ ነው። የአሠራሩ መሠረት ከገደል ማሚቶ የተለየ አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የተላከው ሞገድ በአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ውስጥ ከተመለሰ ነገሩ 150 ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል ማለት ነው። ርቀትን ማወቅ በዚህ መልኩ ጊዜን የመለካት ጉዳይ ሲሆን፣ አቅጣጫን መለየት ግን ይበልጥ አስቸጋሪ ነው።

ለአብነት በመኪና ፊት ላይ የሚገጠመውን ራዳር እንመልከት። 50 ሜትር ርቀት ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ከጎኑም መንገድ ለመሻገር የሚጠባበቅ ሕፃን አለ እንበል። ሁለቱም በእኩል ርቀት ላይ ያሉና የማይንቀሳቀሱ ስለሆኑ የሚለያዩት በአቅጣጫ ብቻ ነው። በግማሽ የሞገድ ርዝመት ልዩነት በአንድ መስመር የተደረደሩ 4 ተቀባይ አንቴናዎች የመለየት አቅማቸው 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም በ50 ሜትር ላይ 25 ሜትር ያህል ስፋት ይሆናል። ስለዚህ ሕፃኑና የጭነት መኪናው ለራዳሩ እንደ አንድ ነገር ይታያሉ።

አቅሙን ለማሳደግ የአንቴናዎቹን ቁጥር መጨመር ይቻላል። ሆኖም እያንዳንዱ አንቴና የራሱን ሰርኪዩት፣ ቦታና ኃይል ይጠይቃል። ሚሞ (ባለ ብዙ ግቤትና ባለ ብዙ ውፅዓት) የተባለው ራዳር ለዚህ ችግር ሌላ መፍትሔ ይሰጣል። ሐሳቡ ከሽቦ አልባ መገናኛ ዘርፍ ወደ ራዳር የተሸጋገረው በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው።

በተለመደው ባለ ብዙ አንቴና ራዳር ሁሉም ላኪዎች አንድ ዓይነት ሞገድ ስለሚልኩ፣ ተቀባዩ የተመለሰው ሞገድ ከየትኛው ላኪ እንደተነሣ አያውቅም። በሚሞ ራዳር ግን እያንዳንዱ ላኪ የራሱ የሆነ ሞገድ ይልካል፤ የሞገድ ቅርፅ ብዝኃነት የሚባለውም ይኸው ነው። ላኪዎቹ ተራ በተራ ሊልኩ፣ የተለያየ ድግግሞሽ ሊጠቀሙ ወይም በኮድ ሊለያዩ ይችላሉ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚናገርበት አዳራሽ የየሰዉን ድምፅ ለይተን እንደምናውቅ ሁሉ፣ ተቀባዩም ሞገዶቹን በየባለቤታቸው ይለያል።

ጥቅሙን በእርሳስና በወረቀት ማረጋገጥ ይቻላል። ተቀባዮቹ በ0፣ 1፣ 2 እና 3፣ ላኪዎቹ ደግሞ በ0፣ 4 እና 8 ቦታዎች ላይ ይቀመጡ። ሞገዱ የሚጓዘው መንገድ በሁለቱ ቦታዎች ድምር ስለሚወሰን፣ እያንዳንዱን ላኪ ከእያንዳንዱ ተቀባይ ጋር ብንደምር ከ0 እስከ 11 ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ እናገኛለን። ስለዚህ 7 አንቴናዎች የ12 ተቀባዮችን ሥራ ይሠራሉ። 12 ላኪና 16 ተቀባይ ቢኖሩ ደግሞ 192 ምናባዊ ተቀባዮች ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ መስመር ቢደረደሩ የመለየት አቅሙ ወደ 0.6 ዲግሪ ይወርዳል፤ በ50 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ማለት ነው። ሕፃኑ ከመኪናው ተለይቶ ይታያል። ለመኪና በሚውለው 77 ጊጋኸርዝ ላይ የሞገድ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ መሣሪያው በጠባብ ቦታ ይገጠማል።

ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም ያለ ዋጋ አይገኝም። የላኪዎቹ ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ ስለማያተኩር ራዳሩ ረዘም ላለ ጊዜ ማዳመጥ ይኖርበታል። ላኪዎቹ ተራ በተራ ሲልኩ፣ በመካከሉ የሚንቀሳቀስ ነገር የአቅጣጫ ስሕተት ይፈጥራል። በኮድ ሲለያዩ ደግሞ ኮዶቹ ፍጹም ስለማይለያዩ፣ ከጭነት መኪናው የሚመለሰው ብርቱ ሞገድ ከሕፃኑ የሚመለሰውን ደካማ ሞገድ ሊሸፍነው ይችላል።

እንግዲህ የራዳር መሐንዲስ ጥያቄ «ስንት አንቴና አለኝ?» የሚል ብቻ አይደለም። «የምልካቸው ሞገዶች ምን ያህል ይለያያሉ?» የሚለውም እኩል ክብደት አለው።