19 ወይስ 22?

የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ የኩላሊት አቅም የተሰላበት ሁለት መስመር ነበር። አንደኛው «ጥቁር አሜሪካዊ ካልሆነ» ይልና 19 ይሰጣል፤ ሁለተኛው «ጥቁር አሜሪካዊ ከሆነ» ይልና 22። የተቀዳው ደም አንድ ነው፤ ክሪያቲኒኑም (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው የጡንቻ ውጋጅ) አንድ፣ 3.4። ባለ ደሙ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዱ የ58 ዓመት የደሴ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩና «ዶክተር፣ እኔ የቱ ነኝ?» አሉኝ። የምራቸውን ነው። አሜሪካዊ እንኳ አይደሉም፤ ዜግነታቸውን ገና እየጠበቁ ነበር። መዝገባቸው ላይ ግን እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ፊታቸውን አይታ «ጥቁር» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋለች። ስለዚህ 22 ናቸው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ መቆጠር የሚጀምረው ደግሞ ቁጥሩ ወርዶ 20 ሲደርስ ነው። እኝህ ሰው ወረፋ ሳይዙ ወራት አለፈ፤ በመጨረሻ እጥበት ጀመሩ።

ለሙያ ባልደረቦቼ ይህ ቁጥር የሚሰላበትን ቀመር ታሪክ መተረክ ለቀባሪ ማርዳት ነው። ለሌላው አንባቢ ባጭሩ፦ በ1999 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ቀመር ሰውየው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.2 ገደማ ያባዛ ነበር፤ በ2009 የተተካው ደግሞ በ1.159። ጥቁሮች ጡንቻቸው ስለሚበዛ ክሪያቲኒናቸው ከፍ ቢልም ኩላሊታቸው ከሚታየው ይሻላል ተባለ። የጡንቻ ነገር ከሆነ ጡንቻ አይለካም ወይ? የደሴው ሰው 54 ኪሎ ነበሩ። እጃቸውን ስጨብጥ አጥንታቸው ይቆጠራል።

ቀመሩስ በ2021 ተቀየረ። አልነቀል ያለው ከሥሩ ያለው እምነት ነው፤ የሰው ቆዳ ታይቶ የውስጥ አካሉ ይታወቃል የሚለው። ቶማስ ጄፈርሰን፣ ያ የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ የጻፈው ሰው፣ በ1780ዎቹ ባሳተመው መጽሐፍ ጥቁሮች በኩላሊታቸው የሚያስወግዱት ከነጭ ያነሰ፣ በቆዳቸው የሚያስወግዱት የበለጠ ነው ብሎ ጽፏል። ባሮቹን ሲመለከት የታየው ይኼ ነው እንግዲህ። በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ የደቡብ ሐኪም ደግሞ የጥቁሮች ሳንባ ከነጮች ያነሰ መሆኑን በመሣሪያ ለክቻለሁ አለ፤ ከዚያም ለሳንባቸው የሚበጀው የባርነት ሥራ ነው ወደ ማለት ሄደ። ሥራው ከቀን ሐሩር፣ ምግቡ ከአሳማ ስብ፣ መኝታው ከጭስ ቤት የሆነን ሰው ሳንባ ለክቶ ጥፋቱን በዘሩ ላይ ማላከክ። የትንፋሽ መለኪያ ማሽኖች ለጥቁር ዝቅ ያለ ልክ ይዘው ኖረው፣ የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር ዘርን የማይጠይቅ ስሌት እንድንጠቀም የመከረን በ2023 ነው።

ይህን ስናገር ሐበሻ በሽተኞቼ ይሰለቻሉ። «ዶክተር፣ ይሄ የነሱ ጉዳይ ነው፤ እኛ ሌላ ነን።» ስንቴ ሰማሁት! የሚያናድደው ደግሞ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። በ2010 የኩላሊት በሽታ አደጋን ከፍ የሚያደርጉ የአፖል 1 ዘረ መል ዓይነቶች ተገኙ። በምዕራብ አፍሪካ ዘር ውስጥ የተስፋፉት ከአንድ ዓይነት የእንቅልፍ በሽታ ስለሚከላከሉ ነው። በ2011 የወጣ ጥናት ኢትዮጵያውያን ላይ ሲፈልጋቸው አላገኛቸውም። እንግዲህ የዘር ሐረግ ከልብ የሚያሳስበው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ የደሴውን ሰውና ቅድመ አያቶቹ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በመርከብ ተጭነው የሄዱበትን የባልቲሞር ሰው አንድ ላይ ባልቆጠረ። ቀመሩ ግን ሁለቱንም በ1.159 አባዛቸው። እንዲያውም አደገኛው የአፖል 1 ዓይነት ያለበት፣ ቶሎ ሊታይ የሚገባው ሰው፣ ኩላሊቱ ከሌላው የተሻለ ነው ተብሎ ወደ ኋላ ተገፋ። በአሜሪካ የኩላሊት ድካም ጥቁሮችን ከነጮች ከሦስት እጥፍ በላይ ያጠቃል፤ ለዚያው ሕዝብ ነው እንግዲህ «ደህና ነህ» የሚል ማባዣ የተሰጠው።

ማባዣውን ያስነሱትም «እነሱ» ያልናቸው ናቸው። ጥቁር የሕክምና ተማሪዎች መምህራኖቻቸውን «ለምን?» እያሉ ወጥረው ያዙ፤ ቦስተን ያለው ቤት እስራኤል ዲኮነስ ሆስፒታል በ2017 ቀድሞ ጣለው፤ የኩላሊት ሐኪሟ ቫኔሳ ግራብስ በሙያ መጽሔት ላይ ተሟገተች። በጥር 2023 ሆስፒታሎች በአሮጌው ቀመር የዘገዩ ጥቁር በሽተኞችን የወረፋ ጊዜ እንዲያርሙ ታዘዙ። በዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ከ14,300 በላይ ሰዎች በአማካይ ሁለት ዓመት ተመለሰላቸው። ይህን የሚያሳውቀው ደብዳቤ ለሐበሾቹም መጣ። «እኔ ሌላ ነኝ» ብሎ የመለሰው አላየሁም።

ማባዣው መነሳቱን የማይወዱ ባልደረቦችም አሉ፤ ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። ቁጥሩ ሲወርድ የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን የሚከለከል ሰው ይበዛል፤ ከ30 በታች አንሰጥምና። የካንሰር መድኃኒት መጠንም ይቀንሳል። ለዚህ መልሱ ሲስታቲን ሲ የተባለውን የደም ፕሮቲን መለካት ነው፤ የጡንቻ ብዛት ብዙም አያዛባውም። ከክሪያቲኒን ይወደዳል፤ እሱ ነው ችግሩ። ደግሞ ማባዣው አፍሪካ ውስጥስ ይሠራል ወይ? በማላዊ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ተለክቶ በ2022 የወጣው ውጤት፣ በክሪያቲኒን የሚሰሉት ቀመሮች ኩላሊቱን ካለበት በላይ ጤነኛ አድርገው እንደሚያሳዩ፣ የዘር ማባዣው ደግሞ ስሕተቱን እንደሚያባብሰው አሳይቷል።

ሰሞኑን አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ ወጣት ሐኪም ስልኩ ላይ የጫነውን ማስሊያ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። «ጥቁር ነው?» ይላል ሣጥኑ። «እዚህ ማንን ልተው?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንንም፤ ይልቅ ያንን ማስሊያ አጥፋና 2021 የሚለውን ጫን አልኩት። ዕድሜ፣ ፆታና ክሪያቲኒን ብቻ ነው የሚጠይቀው።