ከባሕር ዳር የወጣ መጥሪያ ሮቤ እስኪደርስ

ፍርድ ቤት ሰው የሚጠራበት ወረቀት አንድ ገጽ እንኳ የማይሞላ ነው። ነገር ግን ይህ ትንሽ ወረቀት በጊዜው ያልደረሰ እንደ ሆነ ባለጉዳዩ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲመላለስ ዓመት ያልፈዋል፤ ከዚያም የባሰ፣ መከሰሱን ያልሰማ ሰው በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል።

በጥንቱ ሥርዓት መንገደኛ «በሕግ አምላክ» ከተባለ ይቆም ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ከሳሹ ባሕር ዳር፣ ምስክሩ ጎባ ሲሆን ግን የሚያቆራኛቸው ይኸው ወረቀት ብቻ ነው።

በባሕር ዳር ፍርድ ቤት የገንዘብ ክርክር ቀርቦ፣ ውሉ ሲፈረም የነበረው ምስክር ሮቤ የሚኖር ነው እንበል። የባሕር ዳሩ ፍርድ ቤት መጥሪያውን ከደብዳቤ ጋር ምስክሩ ለሚኖርበት ስፍራ ፍርድ ቤት ይልካል። በዚያ ሬጅስትራሩ ተቀብሎ በመዝገብ ያገባዋል፤ መጥሪያ አድራሹም ለሰውየው ሰጥቶ በግልባጩ ላይ ያስፈርመዋል። ሰውየው አልፈርምም ቢል አድራሹ ይህንኑ ጽፎ ይመልሳል። ወጣት ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን መልስ ነው። ግልባጩ ባሕር ዳር ካልተመለሰ ምስክሩ መጥሪያውን በእጁ ቢይዝም እንኳ ዳኛው ዘንድ እንዳልደረሰው ይቆጠራል።

በአሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የየራሱ ሥነ ሥርዓት ስላለው የአንዱ መጥሪያ በሌላው ዘንድ በራሱ ኃይል አያስገድድም። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 አንድ ወጥ የሕግ አርአያ ተዘጋጅቶ ብዙዎቹ ተቀብለውታል፤ በእርሱም መሠረት የሌላው ክፍለ ግዛት መጥሪያ ለአካባቢው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ይቀርብና ጸሐፊው በራሱ ፍርድ ቤት ስም ሌላ መጥሪያ ያወጣል። በኛ አገር ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባሕር ዳርንም ሮቤንም ሲያገለግል የኖረ አንድ ሕግ ነው። የሚከብደው ቋንቋውና መንገዱ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን በሕግ እንዲወስኑ ስለ ፈቀደ፣ የአማራ ክልል በአማርኛ፣ ኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ ይሠራል። እንግዲህ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ መጥሪያ ገብስ ሲያጭድ የዋለ የባሌ ገበሬ እጅ ቢገባ፣ ቀኑንና ስፍራውን ማን ይነግረዋል? መፈረሙ መረዳቱን አያሳይም። ትርጉሙን አያይዞ የሚልክ ጸሐፊ ከአንድ ቀጠሮ በላይ ያተርፋል ብለን እናምናለን።

መንገዱም አለ። ባሌ በ1950ዎቹ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት በሆነ ጊዜ ዋና ከተማው ጎባ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ነው። ሁለቱ ከተሞች በ14 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ እዚህ ችግር የለም። ነገር ግን ተጠሪው ደሎ መና የሚኖር እንደ ሆነ ወረቀቱ ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳኔቲን ደጋ አቋርጦ ወደ ቆላ መውረድ አለበት። ካርታ ሳይመለከት የዐሥራ አምስት ቀን ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ይህን መንገድ አላሰበውም።

ምስክሩ ሲመጣ ደግሞ የመንገድ ወጪውንና አበሉን አስቀድሞ የሚያስይዘው የጠራው ተከራካሪ ነው። ይህ ከብዶ ከተገኘ ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል፤ የባሕር ዳሩ ፍርድ ቤት የሮቤው ፍርድ ቤት ቃሉን ተቀብሎ እንዲልክለት ሊጠይቅ ይችላል። ይህ መንገድ እምብዛም የማይታሰብ መሆኑ ያሳዝናል።

መጥሪያ ሳይደርሰው በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽም ተስፋ አይቆርጥም። መጥሪያው በሚገባ አለመድረሱን አስረድቶ ፍርዱ እንዲነሣለት በአንድ ወር ውስጥ ማመልከት ይችላል። ወሩ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን ሰውየው መፈረዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ደሎ መና ላለ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።