የጊታር እንጨት፦ ፊቱ ይመረጥ፣ ጀርባው አይጠፋም

ሐረር ውስጥ እንጨት ብቻውን የሙዚቃ መሣሪያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሹዋሊድ በዓልና በዚክሪ ላይ ከከበሮው ጎን ከበል የሚባሉ ጠንካራ እንጨቶች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ቆዳም ክርም የለም፤ የሚሰማው ጥርት ያለ ምት የእንጨቱ የራሱ ነው። ከበሮው ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የሚጮኸው ቆዳው ነው፤ እንጨቱ ቆዳውን ወጥሮ ይይዛል እንጂ በራሱ ብዙ አይናገርም። በገናውም፣ ክራሩም፣ መሰንቆውም ከከበሮው ወገን ናቸው። የበገና ሠሪ ዋንዛ የሚመርጠው ለመፈልፈል ስለሚመች፣ ስለማይከብድና ቶሎ ስለማይሰነጠቅ ነው። የዐሥሩን ጅማት ንዝረት ወደ አየር የሚያወጣው ግን በገበቴው ላይ የተለጠፈው ቆዳ ነው።

ጊታር ላይ ቆዳ የለም። የቆዳውን ሥራ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስስ ጣውላ ነው። ይህ ለምሥራቁ አገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገው ዓሊ ቢራ ከጊታሩ በተጨማሪ የተጫወተው ዑድም ፊቱ እንጨት ነው። ስለዚህ ሸዋ በር፣ ሐረሪዎቹ አስማዲን በሪ የሚሉት በር አካባቢ፣ አንድ እንጨት ሥራ ቤት ገብቶ «የጊታር ጣውላ አላችሁ?» የሚል ሰው ጥያቄውን ለሁለት መክፈል አለበት። ለፊት የሚሆነው ሌላ፣ ለቀረው አካል የሚሆነው ሌላ ነው።

ከፊቱ እንጀምር። ክር ቀጭን ስለሆነ ብቻውን የሚገፋው አየር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ንዝረቱ ክሮቹ በሚያርፉበት ብሪጅ በኩል ወደ ፊተኛው ጣውላ ሲገባ ጣውላው ወጣ ገባ እያለ አየሩን ይገፋል፤ የምንሰማውም ይህንን ነው። ለዚህ ጣውላው ቀላል መሆን አለበት። በሌላ በኩል የስድስቱ የብረት ክሮች ጠቅላላ ውጥረት ከ70 ኪሎ በላይ ነው፤ ይህን ሸክም ሌት ተቀን ለዓመታት ሳይጎብጥ መቻል አለበት። ቀላልም ግትርም ሁን ማለት ለአንድ እንጨት ከባድ ጥያቄ ነው። ፈረንጆቹ ስፕሩስ የሚባለውን የጥድ ዘመድ የሚወዱት ይህን ጥያቄ ከብዙዎቹ እንጨቶች በተሻለ ስለሚመልስ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ስፕሩስ 400 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል። በጭረቱ አቅጣጫ ድምፅ በውስጡ በሰከንድ 5,000 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው።

አገር ውስጥ ለስፕሩስ የሚቀርቡት ዝግባና ጥድ ናቸው። ሁለቱም እንደ እሱ መርፌ ቅጠል ካላቸው ዛፎች ጎራ ይመደባሉ። የሐበሻ ጥድ ሽታው ደስ ይላል፣ ምስጥም አይደፍረውም፤ ግን ጉጥ ይበዛበታል፣ በጭረቱ ላይም በቀላሉ ይተረተራል። የዕድገት ቀለበቱ ጉልህ በመሆኑ ተመራማሪዎች ያለፉትን ዘመናት የዝናብ ሁኔታ ያነቡበታል፤ ለጊታር ሠሪ ግን ቀለበቱ መታየቱ ሳይሆን መቀራረቡና ቀጥ ማለቱ ነው ጉዳዩ። ዝግባ ቀለበቱ ደብዛዛ፣ ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ ጉጡ ጥቂት ነው። ለእኔ ከሁለቱ ዝግባ ይቀድማል። ሁለቱም ከስፕሩስ ከበድ ይላሉና ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከበድ ማለቱን በስም ሳይሆን በመለካት ማወቅ ይቻላል፤ መለኪያውም ውድ አይደለም። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናሙና ይላግና መጀመሪያ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ይቀመጥ። ጥሩ ስፕሩስ 125 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ቀጥሎ ናሙናው 50 ሳንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ይጋደምና መሐሉ ላይ አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ ይንጠልጠልበት። ስፕሩሱ የሚጎብጠው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የያዙት ጣውላ አምስት ሚሊ ሜትር ከወረደ ግትርነቱ የስፕሩሱ ግማሽ ነው ማለት ነው። ይህ ግን የሚጣል አያደርገውም፤ ግትርነት ከውፍረት ጋር የሚያድገው በኩብ ነውና። ውፍረት በእጥፍ ቢጨምር ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በግማሽ ያነሰውን ጣውላ በሩብ ያህል አወፍሮ ማስተካከል ይቻላል። ዋጋው ክብደት ነው፤ ክብደቱም ከድምፁ መጠን ይቀንሳል። ሁለት ዝግባ ሁለት ዓይነት ውጤት ሊሰጥ ይችላል፤ ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ጣውላዎችም እንዲሁ። «ስፕሩስ ብሩህ ነው፣ ሴዳር ለስላሳ ነው» እያሉ በዛፍ ስም ብቻ የሚፈርዱ ሻጮችን ለመመርመር ይህች ፈተና ትበቃለች።

ከዚያ ጆሮ አለ። ጣውላውን ከጫፉ ከሩብ ትንሽ ባነሰ ቦታ ላይ በሁለት ጣት ላላ አድርጎ አንጠልጥሎ መሐሉን በጣት መገጣጠሚያ ማንኳኳት። ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ጣውላው ሲርገበገብ እዚያ ነጥብ ላይ እንቅስቃሴ ስለሌለ ጣት ድምፁን አያፍነውም። ጥሩ ጣውላ ሲመታ ድምፁ ይቆያል። ያልደረቀ፣ ውስጡ የተሰነጠቀ ወይም የበሰበሰ ከሆነ «ድፍ» ብሎ ይሞታል። ጫፉን ገልብጦ ማየትም አይረሳ፤ ቀለበቶቹ ከጣውላው ገጽ አንጻር ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ከተጋደሙ እንጨቱ ከወርድ አቅጣጫ ደካማ ይሆናል፣ ሲደርቅም ይጣመማል።

መድረቅ ሐረር ላይ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። ከተማዋ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ በሙቀትና በድርቀት ውስጥ ትገኛለች። ሐረር በክረምት የተጣበቀ ጊታር በበጋ ድሬዳዋ ሠርግ ላይ ለመጫወት ቢወርድ እንጨቱ ውሃውን ለአየሩ ይሰጣል። የጊታር ፊት በሰፊው ቦታ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ጣውላ 3 በመቶ እርጥበት ቢያጣ፣ ቀለበቱ የቆመ ከሆነ ወደ 2 ሚሊ ሜትር፣ የተጋደመ ከሆነ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ከሥሩ ያሉት ደጋፊ ቀጫጭን እንጨቶች ግን ርዝመታቸው አይለወጥም። መጥበብ የተከለከለ ጣውላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ጣውላውን በጥላ ሥር አየር እንዲያገኘው ደርድሮ ማክረም፣ ማጣበቁንም በደረቁ ወራት ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ጀርባውና ወደ ጎኑ። የጊታር ዓለም ብዙ ገንዘብና ብዙ ተረት ያፈሰሰው እዚህ ላይ ነው። ለዘመናት የብራዚል ሮዝውድ ንጉሥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓለም አቀፍ ንግዱ ታገደ። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ዘመዶቹ በሙሉ ቁጥጥር ውስጥ ገቡ፤ በ2019 መጨረሻ ላይ ነው ከብራዚሉ በቀር ተሠርተው ላለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነገሩ የላላው። ይህ ሁሉ ግርግር ለድምፅ ሲባል ነበር ወይ? ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውንና ጎኑን ከወረቀት ካርቶን፣ ፊቱን ብቻ ከጥሩ እንጨት አድርጎ ጊታር ሠራ፤ ድምፅ የሚመጣው ከፊት መሆኑን ለማሳየት ነበር። ጊታሩ ዛሬ ባርሴሎና በሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም ተቀምጧል። ከአንድ ተኩል ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ስድስት ጊታሮች አሠሩ። ከጀርባና ከጎን እንጨታቸው በቀር በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ውዱ የብራዚል ሮዝውድም ርካሹ ሳፔሌም አሉበት። 52 ጊታር ተጫዋቾች ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል የበያጅ መነጽር አጥልቀው ተጫወቱባቸው። ለስድስቱም የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ሆነ። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚባለው ለጊታር ገበያም የተባለ ይመስላል፤ መነጽሩ ሲደረግ ማቅሩ ጠፋ።

ይህ ማለት ጀርባ ከምንም ነገር ይሠራ ማለት አይደለም። ጀርባው ቢከብድ ጊታሩ ይከብዳል፤ ቢለሰልስ የፊቱን ጉልበት ይበላል፤ በእሳት ብረት ሲታጠፍ የሚሰበር እንጨትም ጎን አይሆንም። ግን የምርጫው በር ሰፊ ነው፤ ለእኛም ጥሩ ዜና ነው።

የፈረንጅ ጥድ የምንለውን ዛፍ ተመልከቱ። በየግቢው አጥር የሚሆነው፣ ተሰንጥቆ ለጣሪያ ማገርና ለሣጥን የሚሸጠው ያ ጥድ ከሲፕረስ ዘር ነው። የስፔን የፍላሜንኮ ጊታር ሠሪዎች ደግሞ ለጀርባና ለጎን በባህል የሚጠቀሙት የዚሁ ዘር ወንድም የሆነውን የሜዲትራንያን ሲፕረስ ነው። በአንድ ወቅት የተመረጠው ርካሽና ቀላል ስለነበር ነው፤ ፍላሜንኮ የሚፈልገውን ፈጣንና ደረቅ ድምፅ ስለሰጠ ዛሬም አልተተወም። የእኛ አናጢ ለሣጥን የሚሸጠውን ጣውላ፣ ጉጥ የሌለበትን መርጦ ቢያስቀር ለጊታር ጀርባ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ግራቪሊያም ሌላው ነው፤ በየእርሻው ዳር ተተክሎ የሚያድግ፣ ሲሰነጠቅ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ የሚያሳይ እንጨት ነው። ዋንዛ ደግሞ ለመላግ ምቹ፣ ሲደርቅ የሚረጋ፣ ከማሆጋኒ ትንሽ የሚቀል ነው። ዚሪኮቴ የሚባለውና በውድ የሚሸጠው የመካከለኛው አሜሪካ የጊታር እንጨት የዋንዛ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ስንት ሰው ያውቃል? እርግጥ ዚሪኮቴ በጣም ከባድና ጥቁር ነው፤ የቤተሰብ ስም ድምፅ አያወርስም።

እዚህ ላይ ሕግ ይመጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ እነዚህ ዛፎች ከዚያ ወዲህም አልበዙልንም። ስለዚህ ዝግባና ዋንዛ ሲፈለግ ዓይን መጣል ያለበት አሮጌ ቁም ሣጥን፣ አሮጌ አልጋና ጠረጴዛ ላይ ነው። ለዐሥርተ ዓመታት ቤት ውስጥ የኖረ ጣውላ መድረቁን ጨርሷል። በግንብ ከታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ከጁገል፣ ውስጥ ቤት የተነቀለ የተቀረጸ በር ወይም የጣሪያ ወራጅ ግን አይነካ፤ ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ የአንድ ጊታር ጀርባም ያን ያህል ዋጋ የለውም።

የመጀመሪያ ጊታሩን ሸዋ በር ላይ ለሚሠራ ሰው እኔ የምመክረው ጥምረት የሚከተለው ነው። ገንዘብ ካለ ሁሉም ለፊቱ ይውጣ፤ ከውጭ የመጣ ስፕሩስ ወይም በሃይላንዱ ፈተና ያለፈ የአሮጌ ዕቃ ዝግባ። ጀርባና ጎን ጉጥ የሌለው የፈረንጅ ጥድ። አንገት ከአሮጌ ጠረጴዛ የወጣ ዋንዛ። ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳና ብሪጅ ወይራ፤ ክብደቱ ለዞጲ የቀረበ፣ ክር የማይበላው እንጨት ነውና። የብረት ክር ከመግጠምዎ በፊት ግን በናይለን ክር ይጀምሩ፤ ጠቅላላ ውጥረቱ የብረቱን ግማሽ ያህል ስለሆነ የጀማሪን ስህተት ይታገሣል።