ታጁራ፦ የሸዋ ሲራራ ባሕር የሚያይባት ትንሽ ወደብ

እስኪ ማፕ ክፈቱና ጅቡቲ ከተማን ፈልጉ። ከዚያ ባሕሩን ወደ ሰሜን ተሻገሩ። ማዶ ላይ አንዲት ትንሽ ስም አለች፦ ታጁራ። ነጭ የተቀቡ ቤቶች፣ መስጊዶች፣ ዘንባባ፣ ከኋላ ደግሞ ተራራ። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ይኬዳል፤ በመኪናም ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ መድረስ ይቻላል።

«ወደብ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጅቡቲ፣ አሰብ፣ ምጽዋ ነው። ግን ጅቡቲ ከተማ እኮ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ከዚያ በፊት ከሸዋ ወደ ባሕር የሚወርድ ነጋዴ ከሚደርስባቸው ዋና ወደቦች አንዷ ታጁራ ነበረች። የአፋር ሱልጣን መቀመጫም ናት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባ የሚባል ትልቅ ገበያ አለ። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ከደጋው በበቅሎና በአህያ ወደዚያ ይወርዳል። ግመል ዳገት አይወድም፣ በቅሎ ደግሞ በረሃውን አትችልም፤ ስለዚህ ጭነቱ ከደጋው እግር ሥር እንስሳ ይቀይራል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአፋር ምድር ነው። ግመሉም፣ መንገድ መሪውም፣ የውኃ ጉድጓዱን የሚያውቀውም አፋር ነው። የቱንም ያህል ጠመንጃ ብትይዝ ከእነሱ ጋር ሳትስማማ አታልፍም።

እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ተነስቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሄደው የእንግሊዝ ልዑክ ይህን በደንብ አይቶታል። መሪው ሻለቃ ሃሪስ ነበር። ሸዋ ለመድረስ ከአንድ ወር በላይ ፈጀባቸው፣ መንገድ ላይ ሌሊት ተኝተው ሳለ 3 ሰው ተገደለባቸው። ጉዞው ደግሞ በከባድ ሙቀት ነበር። መንገዱ የሚያልፍበት አሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ከዚያ የሚዘቅጥ ቦታ የለም። ዙሪያው ጨው ነው፣ የሚጠጣ ነገር የለም።

ሐረር ላይ በስሙ የሚጠራውን ቤት የምትጎበኙለት ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦም የታጁራን ፀሐይ ቀምሷል። እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ለምኒልክ የሚሸጥ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ እዚያ ደረሰ። ከዚያስ? ጠበቀ። ግመል ጠፋ፣ የፈረንሳይ ፈቃድ ዘገየ፣ አንዱ ሸሪኩ ታመመ፣ ሌላው ሞተ። በቃ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በ1886 ጥቅምት ተነስቶ አንኮበር የገባው በ1887 የካቲት ነው። በመጨረሻ ምኒልክ ዋጋውን ቀንሰው፣ የሸሪኩንም ዕዳ አስበው ከፈሉት። ሀብታም እሆናለሁ ብሎ የወጣ ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ምንም አልቀረው።

ይኸው ራምቦ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ታጁራን ጥቂት መስጊድና ዘንባባ ያላት ትንሽ የአፋር መንደር ናት ብሏታል። ንግዷም የባሪያ ንግድ መሆኑን ጽፏል። እኛ ስለ ሲራራ ስናወራ ቡናውንና ጨውን እናነሳለን፣ ይሄን ግን እንዘለዋለን። ከኢትዮጵያ ደቡብና ምዕራብ የተማረኩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ገና ልጆች፣ በዚያው በረሃ በእግራቸው እየተነዱ ታጁራ ደርሰው በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ተሻግረዋል። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት እዚያ ነው።

ታጁራን ያቀዘቀዛት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ። ግመል ለወራት የሚለፋበትን ባቡር በቀናት ሲጨርሰው ማን ታጁራ ይሄዳል? ወደቧ ለመቶ ዓመት ያህል ዝም አለች። በ2017 (ይሄም በፈረንጆቹ ነው) አዲስ ወደብ ተመረቀላት። ሲሠራ የታሰበው ከእኛው ዳናኪል የሚወጣውን ፖታሽ ለመላክ ነው፤ ከወደቡ ወደ ድንበራችን፣ ወደ ባልሆ የሚወስድ መንገድም አለ።

ግን ዛሬም ያንን የድሮ መንገድ በእግር የሚሄዱ አሉ። ብዙዎቹ የእናንተ እኩያ ናቸው። ከኦሮሚያ፣ ከአማራ፣ ከትግራይ ተነስተው በአሳል ሐይቅ አካባቢ አድርገው፣ ታጁራን አልፈው፣ ወደ ኦቦክ ይቀጥላሉ። ከኦቦክ ጀልባ፣ ከዚያ የመን፣ ሐሳቡ ሳዑዲ ነው። ደላላው «ትንሽ መንገድ ናት» ይላቸዋል። ሲራራው በግመል፣ በውኃ፣ በመንገድ መሪ እየሄደ እንኳ ሰው ይሞትበት የነበረው በረሃ ነው፤ እነሱ ብዙ ጊዜ የያዙት አንድ የፕላስቲክ ውኃ ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ኦቦክ አጠገብ ጎዶሪያ በሚባል ቦታ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው በአስሮች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። ሁለቱም ጀልባዎች ሲሄዱ አልነበረም። ከየመን ወደ አገር እየተመለሱ ነበር።