ጨዋታ ቤት ሲለውጥ

ቤት የሚለውጥ ሰው አልጋውንና ድስቱን አይረሳም። የሚረሳው ከግድግዳው ጥግ የተንጠለጠለውን ትንሹን ዕቃ ነው። አዲሱ ቤት ገብቶ ከሰነበተ በኋላ ግን ያች ዕቃ በምትፈለግበት ሰዓት «የት አደረስናት?» እያለ ሚስቱንም ልጆቹንም ይጠይቃል። ያን ጊዜ አሮጌውን ቤት ሌላ ሰው ተከራይቶታል፤ ዕቃይቱም ከጥራጊው ጋር ወጥታለች። ጨዋታም እንዲሁ ቤት ይለውጣል። ከመሬት ወደ እንጨት፥ ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ መስኮት ሲሻገር ብዙውን ጓዙን ይዞ፥ ጥቂቱን ጥሎ ይሄዳል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚመረምረው ተጥሎ የሚቀረውን ጥቂቱን ነው።

መቼም «ጨዋታ የሥራ ፈት ነገር ነው፤ ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ ሊያስብበት አይገባም» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ከትምህርት ቤት የሚወጣውን ወጣት እጅ ብናይ፥ ከደብተሩ ቀጥሎ የምናገኘው ስልክ ነው፤ በስልኩም ውስጥ ጨዋታ አይታጣም። ወጣቱ በየቀኑ የሚያየው ነገር እንዴት እንደ ተሠራና ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ከሥራ ፈትነት የሚቈጠር አይደለም።

ነገሩን ከጃፓን እንጀምር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ በ1889 በኪዮቶ ከተማ ሲቋቋም ሥራው በአበባ ሥዕል ያጌጠ የመጫወቻ ካርታ መሥራት ነበር። ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1989፥ ጌም ቦይ የተባለውን በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክ መጫወቻ አወጣ። የኤሌክትሮኒክ ጨዋታም ሁለት ቤት ኖረው። አንደኛው ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ሳሎን የሚቀመጠው ኃይለኛው መሣሪያ ነው፤ ሁለተኛው በኪስና በቦርሳ የሚዞረው ትንሹ ነው። የትንሹ መስኮት ጠባብ፥ ኃይሉም አነስተኛ ነበር። ነገር ግን ችግር ብልሃትን ይወልዳልና ሠሪዎቹ ከጠባቡ መስኮት ጋር የሚስማማ፥ የራሱ ጠባይ ያለው ጨዋታ ፈጠሩ።

በ1996 የወጣውን ፖኬሞንን ለምሳሌ እንውሰድ። ፈጣሪው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ጢንዚዛና ሌሎችንም ነፍሳት መሰብሰብ ይወድ ነበርና፥ ጨዋታውም 151 ዓይነት ፍጥረቶችን እየፈለጉ መሰብሰብ ሆነ። ታዲያ ጨዋታው የተሸጠው በሁለት የተለያዩ እትሞች ነው፤ ባንዱ ከሚገኙት ፍጥረቶች አንዳንዶቹ በሌላው አይገኙም። ስለዚህ ልጁ ስብስቡን ለመሙላት ከሌላ ልጅ አጠገብ መቀመጥ፥ ሁለቱን መሣሪያዎች በገመድ ማያያዝና መለዋወጥ ግዴታው ነበር። ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ስብስቡን አይሞላም። ሕጉ ራሱ ጎረቤት ይፈልጋል ማለት ነው።

ሁለቱን ቤቶች አንድ ያደረጋቸው በ2017 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች ነው። ይህ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የቤት ራዲዮም የኪስ ራዲዮም እንደ መሆን ያለ ነው። ተጫዋቹ መንገድ ላይ በሁለት እጁ ይዞ ይጫወታል፤ ቤቱ ሲገባ ከማስቀመጫው ላይ ቢሰካው ያው ጨዋታ ካቆመበት በቴሌቪዥኑ መስኮት ይቀጥላል። ዓለምም ወደደው፤ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጦአል፤ በ2025 ደግሞ ስዊች 2 የተባለው ተተኪው ወጥቶአል። ከእርሱ በፊት የነበረው የኪስ መሣሪያ፥ 3ዲኤስ የተባለው፥ በ2020 መሠራቱ ቀረ። እንግዲህ ለብዙ ዓመታት በመዳፍ ላይ የኖሩት ተከታታይ ጨዋታዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አዲሱ ቤት መግባት፥ አለዚያም መቅረት ሆነባቸው።

ከተሻገሩት መካከል የሦስቱን ጉዞ እንመልከት።

አንደኛው ሞንስተር ሀንተር የተባለው የአደን ጨዋታ ነው። በ2004 በቴሌቪዥን መሣሪያ ተጀምሮ ስሙ በጃፓን የገነነው ግን በእጅ ወደሚያዘው መሣሪያ ከገባ ወዲህ ነው፤ አራት አራት እየሆኑ፥ የየራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማደን የወጣቶች ልማድ ሆነ። የአደኑ ሜዳ ግን መሣሪያው አቅም ስላልነበረው ቁጥር በተሰጣቸው ክፍሎች የተከፋፈለ ነበር፤ ከክፍል ወደ ክፍል በተሻገሩ ቁጥር መስኮቱ ይጨልምና ያስጠብቃል። በ2021 ለስዊች በወጣው ራይዝ በተባለው ክፍል ግን አጥሩ ሁሉ ፈርሶ ሜዳው አንድ ወጥ ሆነ፤ አራት ሆኖ ማደኑም አልቀረም። ይህ መንገደኛ አጥሩን ጥሎ ሰውን ይዞ ሄደ፤ አተረፈም።

ሁለተኛው ኤትሪያን ኦዲሲ ይባላል። በ2007 ለዲኤስ የወጣ ነው። ዲኤስ ሁለት መስኮት ነበረው፤ አንዱ ከላይ፥ ሌላው በእስክርቢቶ መሰል ዘንግ የሚነካው ከታች። ተጫዋቹ በላይኛው መስኮት በጫካና በዋሻ ውስጥ ይሄዳል፤ በታችኛው ደግሞ የሄደበትን መንገድ እንደ ቀያሽ መሐንዲስ በገዛ እጁ ይሥላል። ግድግዳውን ያልሣለ ሰው ይጠፋል፤ የጨዋታውም ነፍስ ይኸው ነበር። በ2023 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ወደ ስዊች ሲሻገሩ ግን ሁለተኛ መስኮት የለም። ሠሪዎቹ ካርታውን ወደ መስኮቱ ጎን አዛወሩት፤ ግድግዳውን ጭምር መሣሪያው ራሱ እንዲሥለው ለሚፈልግ ሰውም ምርጫ ሰጡ። መሣል የሚወድ እጅ አሁንም ይሥላል። ይሁን እንጂ ግዴታ የነበረው ነገር ፈቃድ ሆነ፤ ግዴታና ፈቃድ ደግሞ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ያው ፖኬሞን ነው። በ2019 የዋናው ተከታታይ አዲስ ክፍል በቴሌቪዥን ላይም የሚታይ ሆኖ ለስዊች ሲወጣ፥ የፍጥረቶቹ ዓይነት ከ800 አልፎ ነበር። ሠሪዎቹም ሁሉንም ማሻገር እንደማይቻል፥ የእያንዳንዱን ሥዕልና እንቅስቃሴ በጥራት መሥራትና የጨዋታውን ሚዛን መጠበቅ እንደሚያስቸግር ተናገሩ። በመጀመሪያው ቀን የገቡት 400 ያህል ብቻ ነበሩ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እያሻገረ ያሳደገው ፍጥረት በአዲሱ ቤት ቦታ የሌለው ተጫዋች ምን ያህል እንደ ተቈጣ መገመት አያዳግትም። ሆኖም ጨዋታው ከ26 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ከቀሩትም ፍጥረቶች ብዙዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ተጨመሩ። ከዚህ የምንረዳው ገበያው ለቀረው ነገር ሲል እንደማይቆም ነው። የቀረውን የሚያስታውስ፥ ስሙንም እየጠራ የሚሟገት ሰው ያስፈልጋል።

ሳይሻገሩ የቀሩትስ? በመጋቢት ወር 2023 ኒንቴንዶ የ3ዲኤስን የጨዋታ መሸጫ ዘጋ። በሽቦ ብቻ ይሸጡ የነበሩ፥ በዕቃ መልክ ያልወጡ ጨዋታዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቅ የሚገዙበት መንገድ ጠፋ። በዚያው ዓመት የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ የሚጠብቅ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ባወጣው ጥናት፥ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 ከመቶ የሚሆኑት በገበያ እንደማይገኙ አስታወቀ። ትላልቅ ፋብሪካና የሕግ ጠበቃ ያለው ነገር እንዲህ የሚጠፋ ከሆነ፥ ጠባቂ የሌለው እንዴት ይሆናል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ የሚመለሰው።

«ሰንጠረዥ» ሲባል ለዛሬው ወጣት የቢሮ ሠራተኛ የሚታየው ቍጥር የሚሞላበት ባለ መስመር ወረቀት ነው፤ በጀት፥ የሠራተኞች ዝርዝር፥ የሦስት ወር ሪፖርት። የቀድሞው ሰው ግን በዚህ ስም የሚጠራው የነገሥታትና የመኳንንት ጨዋታ ነበረው። የቼዝ ወገን ነው፤ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ ወደ እኛ ገባ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ተጽፎአል፤ በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ጨዋታ ተመልክቶአል። ሰሌዳው እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ ሳይሆን መስመር የተሠመረበት፥ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነ ጨርቅ ነበር። ሠራዊቱም ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ፊል፥ ፈረስ፥ ደርና ሜደቅ ይባላል።

የዚህ ጨዋታ ልዩ ነገር ወረራ የሚባለው መጀመሪያው ነበር። ዛሬ በምንጫወተው ቼዝ አንድ ጊዜ አንተ፥ አንድ ጊዜ እኔ እየተባለ በተራ ይኬዳል። በሰንጠረዥ ግን የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ባንድነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ይለውጣል። ተራ የሚጀመረው ምርኮ ከተወሰደ በኋላ ነው። አሸናፊነትም ደረጃ ነበረው፤ በኃይለኛው በደር የባላጋራን ንጉሥ መያዝ ብዙም አያስመሰግንም፤ በተራው ወታደር በሜደቅ መያዝ ግን ያስከብራል። ዓለም አቀፉ ቼዝ ሲገባ ንጉሡም ፈረሱም ስማቸውን እንደ ያዙ ወደ አዲሱ ሰሌዳ ተሻገሩ። ወረራ ግን ቀረ። የሜደቅም ክብር አብሮ ቀረ። ዛሬ ቼዝ የሚችል ወጣት በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ወረራን የሚጫወት ግን ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። የሰንጠረዥን ሕግ በመጠኑም ቢሆን የምናውቀው፥ እንደ ሪቻርድ ፓንክረስት ያሉ የታሪክ ሰዎች ነገሩ ሳይረሳ ጽፈው ስላስቀመጡልን ነው።

ገበጣ ዕድሉ ከሰንጠረዥ የተሻለ ነው፤ ገና በሕይወት አለና። መሬት ቆፍሮ ወይም እንጨት ፈልፍሎ፥ ጠጠር ወይም ፍሬ በየጉድጓዱ መዝራት የማያውቅ የገጠር ልጅ ጥቂት ነው። ፓንክረስት በ1971 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ግን «ገበጣ» አንድ ጨዋታ አይደለም። የረድፉ ብዛት፥ የጠጠሩ ቍጥር፥ የሚዘራበት አቅጣጫ፥ የሚማረክበት ሰዓት ከአገር አገር ይለያያል። ባንዱ ቀበሌ ሕግ የሆነው በሌላው ማጭበርበር ይባላል። አሁን ደግሞ ገበጣ ወደ ስልክ መግባት ጀምሮአል፤ ኩኩሉ የተባለውን የዶሮ ሩጫ ጨዋታ የሠራው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ገበጣንም በስልክ አውጥቶአል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ሕግ ብቻ በስልክ ገብቶ ብዙ ሰው እርሱን ብቻ ሲማር፥ ከሃያ ዓመት በኋላ ያ አንዱ ሕግ «ትክክለኛው ገበጣ» ይባላል፤ የአያት ሕግ ስሕተት ይሆናል። ያን ጊዜ ወረራ የሄደበትን መንገድ የሚሄዱት ሌሎቹ የገበጣ ሕጎች ናቸው።

ይህ እንዳይሆን ምን ይደረግ? መልሱን ከአዊ ምድር ብንወስድ ሩቅ አያስኬደንም። ፈረስ በአገው ምድር የእርሻ፥ የጉዞና የጦርነት አጋር ነበር። የጦርነቱ ዘመን ሲያልፍ ከሰንጠረዥ ጋር አብሮ ሊረሳ በቻለ ነበር። ነገር ግን በ1932 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረሱን ከጦር ሜዳ ወደ በዓል ሜዳ አሻገረው። ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቈጠራሉ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የፈረሱን ውለታ፥ በዓድዋም የዋለውን ውሎ ያስባሉ። የተሻገረው ፈረሱ ብቻ አይደለም፤ ግልቢያው፥ የፈረሱ ጌጥ፥ የፈረሰኛው ደንብ አብረው ተሻግረዋል። ይህ የሆነበት ምክንያት አንድ ነው፤ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ደንቡን የሚሸከም ማኅበር ነበረ።

ለገበጣና ለመሰሎቹም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ወጪውም አንድ ደብተር ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዕረፍት ወደ መንደሩ ሲመለስ ከአያቱ ዘንድ ተቀምጦ የሚከተለውን ይጻፍ፤ ጉድጓዱ ስንት ነው? ጠጠሩ ስንት? ወዴት ይዘራል? መቼ ይማረካል? እጅ መቼ ያልፋል? ተመልካች መምከር ይፈቀድለታል ወይ? የተሸነፈ ምን ይባላል? ቃሉንም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛ፥ አያት እንደሚጠሩት አድርጎ ይጻፍ። አዊኛ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚማሩበት ቋንቋ ስለ ሆነ ጽሑፉን የሚያነብ ልጅ አይታጣም። የዳንግላው ወጣት ሠራተኛ ደግሞ ከደብተሩ አንድ ቅጂ በባህል መሥሪያ ቤቱ መዝገብ እንዲቀመጥ ያድርግ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ወደ ስልክ የሚያስገባው ባለሙያ ምክንያት አይኖረውም። ጌም ቦይ አቅም አጥቶ ሥዕሉን ያሳነሰበት ዘመን አልፎአል። የዛሬው ስልክ ሃያ ዓይነት የገበጣ ሕግ ቢሸከም አይደክምም፤ ተጫዋቹ የሚፈልገውን አገር ሕግ እንዲመርጥ ማድረግ ለኮምፒውተር ሰው ትንሽ ሥራ ነው። ኤትሪያን ኦዲሲን ያሻገሩት ሰዎች መሣል ለሚወድም ለማይወድም ምርጫ መስጠት ችለዋል። የእኛ ችግር የመሣሪያ አቅም ማነስ አይደለም፤ ለመሣሪያው የሚነግረው ሰው መጥፋት ነው።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፥ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም ሆይ፥ በሚቀጥለው ጊዜ በስልክህ ስትጫወት ሥዕሉ ማማሩን ብቻ አትመልከት። ይህ ጨዋታ እዚህ ሲደርስ ምን ጥሎ መጣ ብለህ ጠይቅ። ከጃፓን የመጣ ከሆነ የሚጠይቁለት ብዙዎች አሉት። ከአዊ ወይም ከሌላው የአገራችን ክፍል የመጣ ከሆነ ግን የሚጠይቅለት አንተ ነህ፤ መልሱን የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና ቶሎ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።