መንገድ ከመጠረጉ በፊት ካርታው ይዘርጋ

መንገድ ለአንድ አገር ምን ያህል ጥቅም እንዳለው መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። እህሉን ለገበያ ለማድረስ አህያውን ጭኖ ቀናት የሚጓዘው ገበሬ፤ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱት ጎረቤቶች የመንገድን ዋጋ ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ስለዚህ ዛሬ ይህን የምንጽፈው መንገድ ይሠራ ወይስ አይሠራ ብለን ለመከራከር አይደለም። መንገዱ በየት በኩል ይለፍ፤ በሚያልፍበትስ ስፍራ ቀድመው የኖሩትን የዱር እንስሳት ሳያጠፋ እንዴት ይለፍ የሚለውን ጥያቄ አንባቢ ከእኛ ጋር እንዲመረምረው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዱር እንስሳ እንደ ሰው ሁሉ መኖሪያና መመላለሻ አለው። በበጋ ውኃ ወዳለበት ይወርዳል፤ ዝናም ሲጥል ሣር ወደ በቀለበት ይወጣል፤ ወንዱም ሴቲቱን ፍለጋ ከተራራ ወደ ተራራ ይሻገራል። ሰፊ ጐዳና ይህን መመላለሻ በቆረጠው ጊዜ ጉዳቱ በሁለት ወገን ነው። አንደኛው፤ እንስሳው በመኪና ተመትቶ ይሞታል፤ ተጓዡም አብሮት ይጎዳል። ሁለተኛው ግን ቶሎ በዐይን የማይታይ ነው፤ ይኸውም እንስሳው ድምፁንና ብርሃኑን ፈርቶ መሻገሩን ፈጽሞ በተወ ጊዜ ወገኑ ለሁለት ይከፈላል፤ በየበኩሉ የቀሩትም ጥቂቶች ከዘመዶቻቸው ጋር እየተዋለዱ ዘራቸው ይደክማል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ነገር በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ ታይቷል። ሊቃውንት ፒ 22 ብለው የጠሩት አንድ የተራራ አንበሳ ሁለት ታላላቅ የመኪና ጐዳናዎችን ተሻግሮ በከተማው መካከል በሚገኘው በግሪፊዝ መናፈሻ ሰፈረ። በ2012 በዚያ መኖሩ ከታወቀ ጀምሮ 10 ዓመት ያህል ብቻውን ኖረ፤ ተጓዳኝ የምትሆነው ሴት ግን ወደ እርሱ ልትደርስ አልቻለችም። በ2022 አርጅቶና ታምሞ፣ በመኪና የተመታ የሚመስል ጉዳትም ተገኝቶበት፣ ሐኪሞች ከሥቃዩ አሳረፉት። በዚያው ዓመት ከከተማው በስተ ምዕራብ 10 የመኪና መሥመሮች ባሉት ጐዳና ላይ የእንስሳት መሸጋገሪያ ድልድይ ለመሥራት መሠረቱ ተጣለ፤ ወጪውም ከ90 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ነው። ጐዳናው ሲሠራ ያልታሰበው ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ በዚህ ያህል ዋጋ ተገዛ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ታዲያ አስቀድሞ ማሰብ የሚቻለው በምን መንገድ ነው ቢሉ፤ በካርታ ነው። የዛሬው ካርታ በወረቀት ላይ የተሣለ መሥመር ብቻ አይደለም። በአንዱ ገጽ ወንዙና ሸለቆው፤ በሌላው ደኑና የሣሩ ሜዳ፤ በሦስተኛው መንደሩና እርሻው፤ በአራተኛው ለመሥራት የታሰበው መንገድ ይመዘገባል፤ ከዚያም በኮምፒውተር አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይታያል። በዚህ ላይ በአንገታቸው መሣሪያ የታሰረላቸው እንስሳት በሳተላይት አማካይነት የሄዱበት መንገድ፣ በጫካ የተሰወሩ ካሜራዎች ያነሡት ፎቶግራፍ፣ በመኪና ተመትተው የወደቁበትም ስፍራ ይጨመራል። ከዚህም በኋላ ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት እንስሳው በዚያ ለማለፍ የሚያገኘው ችግር በቁጥር ይተመንለታል፤ ከአንዱ መኖሪያ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ቀላሉ መተላለፊያም በስሌት ይገኛል። የመንገዱ መሥመርና የእንስሳው መተላለፊያ የሚገናኙበት ነጥብ መሐንዲሱ ሊያስብበት የሚገባው ስፍራ ነው።

ይሁን እንጂ ካርታውን የሚያነብ ሰው አስተዋይ መሆን አለበት። በአንድ ስፍራ የሞተ እንስሳ ባለመገኘቱ በዚያ ችግር የለም ማለት አይደለም፤ ምናልባት ፈርቶ መቅረብ የተወ ይሆናል። ስለዚህ የሞቱትን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ በሕይወት ያሉት የሚሄዱበትንም ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ሥራ በካናዳ አገር የሚገኘው የባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ስሙ የታወቀ ነው። ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈው ታላቅ ጐዳና በሰፋ ጊዜ በግራና በቀኝ ከፍ ያለ አጥር ታጠረለት፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም ዛፍና ሣር የበቀለባቸው ሁለት ድልድዮች ከመኪናው በላይ ተሠሩ። ሥራው እየቀጠለ ሄዶ 6 የላይና 38 የታች መሸጋገሪያዎች ተቋቋሙ። ከዚህም የተነሣ በመኪናና በዱር እንስሳ መካከል የሚደርሰው ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ግሪዝሊ የሚባለው ድብ ግን አዲሱን መሸጋገሪያ እስኪለምድ ድረስ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ በአንድ ዓመት ፍሬው ብቻ መመዘን አይገባም።

በአሜሪካ በሞንታና ግዛት ደግሞ የሳሊሽና የኩቴናይ ነገዶች በምድራቸው የሚያልፈው ጐዳና ይስፋ በተባለ ጊዜ፤ መንገዱ እንግዳ ነውና ምድሪቱን ያክብር ብለው ተከራከሩ። በ2000 ከግዛቱና ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ተስማምተው፣ 90 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው ርዝመት 41 የዓሣና የእንስሳት መሸጋገሪያዎች ተሠሩ። በ2005 የወጣው የአሜሪካ የመንገድ ሕግም የረዥም ጊዜ የመንገድ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ዕቅዳቸውን ከተፈጥሮ ጥበቃ ዕቅድና ካርታ ጋር እንዲያስተያዩ አዘዘ። የዚህ ሕግ ዋና ጥቅሙ የመንገዱ ሰውና የእንስሳቱ ጠባቂ ክርክራቸውን ገና በወረቀቱ ላይ እንዲጨርሱ ማድረጉ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ ነገር እንግዳ ሆኖ አናገኘውም። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ለዚህም ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የመንገድ ሥራ ያመጣው ጉዳት ነበር። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኘው ዋሊያ የሚኖረው በዚሁ ተራራ ነው። በኋላም ችግሩን ለማቃለል ከተያዙት ሥራዎች አንዱ ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ ተለዋጭ መንገድ ማዘጋጀት ሆነ፤ ፓርኩም በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። 21 ዓመት የፈጀው ይህ ነገር ታላቅ ትምህርት ነው። በባሌም የሳነቴ አምባ ላይ መንገድ ያልፋል፤ በዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም ተቆጥሮ ከ500 የማይበልጥ እንደ ሆነ ይገመታል። ከእንዲህ ያለው ጥቂት ወገን አንድ እንኳ በመኪና ቢሞት ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

አንዳንድ ሰው፤ ሰው ገና መንገድ ሳይጠግብ ስለ ቀበሮ መጨነቅ ቅንጦት ነው ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በንድፉ ጊዜ የመንገዱን መሥመር በካርታ ላይ ማዞር የሚያስወጣው የእርሳስና የላጲስ ዋጋ ነው፤ ለወንዝ የሚሠራውንም ድልድይ እንስሳ በሥሩ እንዲያልፍ ጥቂት ማስረዘም ቢያስወጣ፣ አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ አፍርሶ ከመሥራት እጅግ የቀለለ ነው። ደግሞም ከእንስሳ ጋር በሚጋጨው መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ሕጉ አለን፤ በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲመረመር ያዝዛል። ባለሙያዎችም አሉን። የቀረው መንገድ ሠሪው፣ ካርታ አዘጋጁና የዱር እንስሳ ጠባቂው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነው፤ ከእነርሱም ጋር አጋዘኑ በየት እንደሚወርድ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የአገሬው እረኛ ይጠየቅ። መንገዱ የነገ ልጆቻችንን ወደ ተራራው ያደርሳቸዋል፤ በደረሱም ጊዜ ዋሊያውን በገደሉ ላይ ቆሞ እንዲያገኙት የማድረጉ ሥራ የእኛ የዛሬዎቹ ነው።