ተቀጣሪ ወይስ ተቋራጭ? የማስረዳት ሸክም በታክስ ምርመራ



አንድ መሐንዲስ ከአንድ ድርጅት ጋር «የምክር አገልግሎት ውል» ተፈራረመ እንበል። ሆኖም በየማለዳው ቢሮ ይገባል፤ ለመቅረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በየወሩ እኩል ክፍያ ይቀበላል። የታክስ መርማሪው በውሉ ርእስ አይወሰንም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተቀጣሪን የሚለየው በሌላ ሰው መመሪያና ቁጥጥር ሥር በመሥራቱ ነው። ራሱን የቻለ ተቋራጭ ግን ሥራው የሚከናወንበትን መንገድ የመምራት ሰፊ ሥልጣን በእጁ ያስቀረ ሰው ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ገቢው ከመቀጠር የተገኘ ከሆነ በሠንጠረዥ «ሀ» ይገዛል፤ ግብሩን ቀንሶ የማስቀረትና ገቢ የማድረግ ግዴታም የቀጣሪው ይሆናል። ግብሩን ያልቀነሰ ድርጅት ከራሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል።

በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የታክስ ውሳኔ ትክክል አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። ስለሆነም ውሉን ማቅረብ ብቻ አይበቃም። የሥራ ሰዓቱን ማን እንደወሰነ፣ መሣሪያው የማን እንደሆነ፣ ባለሙያው ለሌሎች ደንበኞች ይሠራ እንደነበር፣ የተበላሸ ሥራ በማን ወጪ እንደታረመ የሚያሳዩ ደብዳቤዎችና ደረሰኞች በምርመራው ወቅት ተደራጅተው ሊቀርቡ ይገባል። በውሳኔው ላይ ቅሬታ ለማቅረብ አዋጁ የሰጠው ጊዜ፣ ውሳኔው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ነው፤ ማስረጃ ፍለጋ በዚያን ጊዜ ከተጀመረ ዘግይቷል።

ማስረጃው ራሱ ወደ ቅጥር ካደላ ደግሞ፣ አስተዋይ አማካሪ ስያሜውን ትቶ በግብሩ ስሌትና ባለሙያው አስቀድሞ በከፈለው ግብር ላይ ይከራከራል።